አባቴን ድሃ የሚል ሰው ጠፋ

ድሃ መሆኑን ለማስመስከር ሰው የሚቸገርበት አገር ከኛ አገር ሌላ ያለ አይመስለኝም። ሌላው አገር ሀብቱን ነው የሚያስመሰክረው። እኛ ግን በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ አንድ ክረምት፣ አባቴን «ድሃ ነው» የሚል አንድ ሰው ፍለጋ ከመርሳ እስከ ግራና ዞርን። የጠፋው ድህነቱ አይደለም። ድህነቱማ ጓዳችንን ሞልቶ ወደ ደጅ ይፈስ ነበር። የጠፋው ተናጋሪው ነው።

ነገሩ የመጣው በታናሽ ወንድሜ ነው። ቤታችን ሁለት ወንዶች ነበርን። አንዱ ለሞፈር፣ አንዱ ለፊደል ተባለና ሞፈሩ ለኔ ደረሰ። ማንም አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ያንገበግበኛል ስል ደግሞ ሰው «አፍህ መራራ ነው» ይለኛል። ይሁን። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ልጆች ወልጄ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ይህንንም የምጽፈው በዚያው በማታው ፊደል ነው። ሞፈሩንም ቢሆን አልወደድኩትም። ጥዬው ወደ መርሳ ወረድኩና ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር ጎማ መለጠፍ ጀመርኩ። ጎሚስታ ሆንኩ። ጎማ ጥሩ ነገር ነው፤ ሲተነፍስ ይተነፍሳል፣ አያስመስልም።

አንድ ቀን ወንድሜ ከደሴ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መጣና ፊቴ ዱብ አለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት ሲጠባበቅ ነው የከረመው።

«አለፍኩ!» አለኝ።

«ምኑን?»

«ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አዲስ አበባ። ሐኪም ልሆን ነው።»

«ስንት ይከፈላል?»

«ትምህርቱ በነፃ ነው። ችግሩ ምግቡና ማደሪያው ነው።»

«እንግዲያው ሆድህን እዚህ ትተህ ሂዳ!»

ሳቀ። ወንድሜ የማይስቅበት ነገር የለም፤ እሱ የሳቀውን ያህል እኔ ተቆጥቻለሁ፣ ቤታችን ሚዛኑን የጠበቀው በዚህ ነው። ጎማው ላይ ቁጭ ብሎ መንገዱን ሁሉ ዘረዘረልኝ። ያለው ይከፍላል። የሌለው ደግሞ «ስጨርስ መምህር ሆኜ ወደ ላካችሁኝ እሄዳለሁ» ብሎ ከፈረመ ይረዱታል። ግን ይህ ለመምህርነት እንጂ ለሕክምና አይሆንም። ባለጠጋ ዘመድ ያለው በዘመዱ ይማራል። ይህም ሁሉ ያልሆነለት፣ ቤተሰቡ ድሃ መሆኑን ከአገሩ አስመስክሮ ወረቀት ካመጣ፣ ዩኒቨርሲቲው እያበላና እያሳደረ ያስተምረዋል። ወረቀቱን የወረዳው ዳኛ ምስክር ሰምቶ ይጽፋል፤ ወልድያ ይሄድና ማኅተም ይመታበታል። መስከረም ሳይጠባ ካልደረሰ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?» አልኩት። «ድህነት እንደሆን እኛ ቤት በሽበሽ ነው።»

ማታውኑ አብረን ወደ ቤት ወጣን። እናቴ ነገሩን ሰምታ መጀመሪያ የመረጠችው ባለጠጋውን ዘመድ ነው። ወልድያ ሱቅ ያለው አንድ የሩቅ ዘመድ ነበረን። «እኔ አስተምረዋለሁ፤ ሲጨርስ ልጄን ያገባል» ብሎ አስቀድሞ ልኳል።

«ልጅቷን አይተሃታል?» አልኩት ወንድሜን።

«አላየኋትም። ድምጿን ግን በሱቁ በር ሳልፍ ሰምቻለሁ።»

«እሺ?»

«ድህነቱን እናስመስክር።»

አባቴ እስከዚህ ድረስ እሳቱን ይቆሰቁስ ነበር። «ድሃ» የሚለው ቃል ሲወጣ ነው ቀና ያለው።

«ማነው ድሃ?»

«አንቱ ነዎት እንጂ አባባ» አልኩት። ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም። «አንድ በሬ ነው ያለዎት። እሱንም ከሰው በሬ ጋር እያቀናጁ ነው የሚያርሱት።»

«አንድ በሬ ያለው ሰው ድሃ ይባላል? ድሃ ማለት ሰው የሌለው ነው። ደጄ እንግዳ ይመጣል፤ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆኝ ይሄዳል። የቱ ላይ ነው ድህነቴ?»

«ይህን አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ይንገሯቸዋ! ልጅዎን በምርቃት ያበሉት እንደሆን!»

እናቴ ዝም እንድል ጎሸመችኝ። አባቴ እሳቱን አየ፣ ወንድሜን አየና «ሌላ ሰው ይበል» አለ። «የሚል ካለ ይበል። እኔ ግን በገዛ አፌ አልልም።»

እኔም ይህ ቀላል መሰለኝ።

ለምስክርነት ሁለት ሰው ለመንኩ። አንዱ የሰንበቴያችን ሙሴ፣ በየወሩ አብረን የምንጠጣበትን ማኅበር የሚመራው ሽማግሌ ነው። ሁለተኛው ከአባቴ ጋር በሬ የሚያቀናጀው ሙስሊሙ ጎረቤታችን ነው። አባቴ ስንት በሬ እንዳለው ከሱ በላይ ማን ያውቃል? ሁለቱንም «ድሃ ናቸው፣ ማስተማር አይችሉም፤ ከዚህ ሌላ ቃል እንዳይወጣችሁ» አልኳቸው። እሺ አሉ። በደስታ ነው እሺ ያሉት።

በቀጠሮው ቀን አባቴ ነጭ ጋቢ ለብሶ መጣ። «ይህን ከየት አመጡት?» አልኩት። ከቄሱ ተውሶ ነው። «ዳኛ ፊት ተበጣጥሼ ልቅረብ?» አለኝ። እዚያው መመለስ ነበረብን።

ሙሴው ማለ። ዳኛው ጠየቀ፤ «የኚህን ሰው ኑሮ ያውቃሉ?»

«እንዴታ!» አለ ሙሴው። ቀጥሎ ዘወር ሲል አባቴን አየው። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከዘራውን ጨብጦ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። «ጌታዬ… የእሳቸው ቤት ያልበላ ማን አለ? የሰንበቴ ተራቸው ሲደርስ ጠላው እንደ ወንዝ ነው። እጃቸው ዝርግ ነው።»

«ልጃቸውን ለማስተማር ይችላሉ?»

«እሳቸው ምን ያቅታቸዋል!»

አባቴ ፈገግ አለ። ይታያችሁ፣ ፈገግ አለ!

ሙስሊሙ ጎረቤታችን ተጠራ። ተስፋዬ ሁሉ እሱ ላይ ነበር። እሱም አባቴን አየ።

«ወላሂ ጌታዬ፣ መዋሸት አይሆንልኝም። በዒድ ቀን ለልጆቼ ማር የሚልኩ እሳቸው ናቸው። አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ያልነፈጋቸው ሰው ናቸው።»

«በሬ አላቸው?»

«እናርሳለን ጌታዬ፤ ጥንድ በሬ ነው» አለ። አንደኛው የራሱ መሆኑን ዋጠው።

«እህል?»

«ጎተራቸው ትልቅ ነው።»

ከዚህ በላይ መቻል አልሆነልኝም። «ትልቅ ነው! ዶሮ ነው የሚያድርበት!» ብዬ ተነሣሁ።

«አንተ ማነህ?» አለ ዳኛው።

«ልጃቸው ነኝ።»

«ልጅ ለአባቱ አይመሰክርም። ተቀመጥ።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞር ብሎ «ለመሆኑ አንቱ እራስዎ ምን ይላሉ?» ሲለው አባቴ «ጎረቤቶቼ የተናገሩትን እንዴት አፈርሳለሁ?» አለ። ችሎቱ በሳቅ አውካካ። ወንድሜ እንኳ ሊስቅ ጀምሮ አቆመው። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ «አንድ ሰው እንኳ ካልመሰከረላችሁ ‹መክፈል ይችላሉ› ብዬ ነው የምጽፈው» አለን። «የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጥቻችኋለሁ። ዘመድ ያልሆነ፣ ጠበኛም ያልሆነ አንድ ምስክር አምጡ።»

ደጅ ወጥቼ ሙሴውን ጋቢውን ያዝኩት።

«ምን ተባብለን ነበር?»

«እንዴት ብዬ ልበለው? ፊቴ ቁጭ ብለው! የሚመጣው ወር እሳቸው ቤት ጠላ አልጠጣም? ደግሞስ ሰውን ድሃ ማለት እርግማን ነው። በኔ ቃል ቢደርስባቸውስ?»

«ደርሶባቸዋል እኮ!» አልኩት። «ደርሶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ወልዶ ከብዶ እየኖረ ነው!»

ከዚያ ወዲህ የጠየቅነው ሰው ሁሉ አንድ ነው። ጓዳችንን እስከ ጥጉ የሚያውቁ ሰዎች «ዳኛ ፊት?» ይሉና ይሸሹናል። አንዲት ሴት እንዲያውም «አባትህን እንዲህ ካደረግኸው አንተን ማን ይቀብርሃል?» አለችኝ። ወንድሜ መሳቁን ተወ። ይህ ነው ያስደነገጠኝ። ጠዋት ጠዋት ጎማ መለጠፊያዬ በር ላይ ተቀምጦ ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱትን መኪኖች በዓይኑ ይሸኛል።

አንድ ቀን ጎማ ስነፋ ነው ድንገት የመጣልኝ። አባቴን ፊቱ ላይ ድሃ ብሎ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። የድንበር ጎረቤታችን ነው። ሁለቱ የሚካሰሱባት መሬት አህያ ብትተኛባት ጅራቷ ከወዲያ ማዶ ይውላል። ወንድሜ ሳይወለድ የጀመሩት ክርክር ነው። ገበያ ላይ በተገናኙ ቁጥር ሰውየው «ያ ድሃ መጣ!» ሳይል አይሄድም።

ማሽላውን ሲኮተኩት አገኘሁት።

«አባትህ ነው የላከህ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«እንደመጣሁ ቢሰማ ይገድለኛል።»

«ታዲያ ምን ፈለግህ?»

«አባቴን እንዲሰድቡልኝ።»

ዶማውን መሬት ላይ ተከለው። ትኩር ብሎ አየኝ። «የት?»

«ዳኛ ፊት።»

«ማንም አያስቆመኝም?»

«እንዲያውም ይጻፍልዎታል።»

«መድኃኔዓለም ይስጥህ፣ ልጄ!» ብሎ ከልቡ መረቀኝ።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ጠበኛ ምስክር አይሆንም ተብሏል። ሰውየው እንዲሰድበው መጀመሪያ መታረቅ አለባቸው። ይህን ለአባቴ ስነግረው ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ሰውየው የሚመሰክረው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እውነቱን ነገርኩት። ከዘራውን አገላበጠና «ሽማግሎቹን ጥራ» አለ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሽማግሎቹ ለስንት ዓመት ያላደረጉትን እርቅ በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። መሬቲቱ ለጊዜው ለማንም ሳትሆን ሣር ታብቅል ተባለ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። «እርቁን ቀድሞ ያፈረሰ በግ ያርዳል፤ ሽማግሌውንና ባላጋራውን ያበላል» ተብሎ ታሰረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ማን ይገምታል? ሰውየው ጣፈጠ። በማግስቱ እሸት ላከልን። በሦስተኛው ቀን ቤታችን መጥቶ ጠላ ጠጣ፤ እናቴም ከጎረቤት ለቃቅማ እንግዳ እንደሚስተናገድ አድርጋ አስተናገደችው። አባቴን «ወንድም ዓለም» ይለዋል። «እኔና አንተ በከንቱ አረጀን እኮ» እየተባባሉ ተቃቅፈው አየኋቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። መርሳ ውስጥ የቀረኝ አንድ ተሳዳቢ እሱ ነበር፤ በገዛ እጄ አበላሸሁት።

ቀጠሮው ደረሰ። አባቴ ያንኑ የቄሱን ጋቢ ለብሶ ተቀመጠ። ሰውየው ማለ።

«ጠብ አላችሁ?»

«ነበረን ጌታዬ። ታርቀናል፤ ሽማግሎቹም ያውልዎት።»

«እንግዲያው የኚህን ሰው ኑሮ ተናገር።»

ሰውየው አባቴን አየ። ያ አስተያየት! ሙሴውም፣ ሙስሊሙም ያዩት እንደዚያው ነው። «እንግዲህ ጌታዬ…» አለ፤ ድምፁ ለሰለሰ። «ወንድሜ ናቸው። በቀደም ቤታቸው ገብቼ… እንዲህ ነው የማይባል መስተንግዶ ነው ያደረጉልኝ…»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔ ያለኝን ስድብ ሁሉ በሆዴ ለሰውየው አወረድኩለት። የዳኛው ጸሐፊ ብዕሩን አነሣ።

ያኔ አባቴ ሳል አለና ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ልክ ነው የሚናገረው» አለ። «ሀብታም ነኝ። ያቺን የድንበር መሬት ከዚህ ሰውዬ ቀምቼ ከያዝኩ ወዲህ እግዜር ባርኮኛል። አሁንማ የቀረችውንም መሬቱን ልገዛው አስቤአለሁ። ምስኪን ስለሆነ አዝንለታለሁ።»

ሰውየው ጊንጥ እንደነደፈው ሰው ዞረ። «ምን አልክ?»

«እገዛልሃለሁ አልኩ።»

«በምንህ? በምንህ ነው የምትገዛው?» ከዳኛው ፊት ዘሎ ወደ አባቴ መጣ፤ ዘበኛው ያዘው። «አንድ በሬ ይዞ! እሱም የሚያነክስ! ጌታዬ፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚንጠባጠበው እኔ ቤት ድረስ ይሰማል! በቀደም ያጠጣኝ ጠላ ጌሾው ከኔው ሚስት ተበድረው ነው፤ ያላወቅኩ መስሎታል! ጎተራው ባዶ ነው። ይህ የለበሰው ጋቢ እንኳ የቄሱ ነው፤ ጫፉ ላይ የጧፍ ሰም አለበት፣ ይዩት!»

«አጥርህንም አፈርሳለሁ» አለ አባቴ፣ ቀስ ብሎ።

«አጥር! የራሱ አጥር የት አለና! ከብት ወጥቶ ሲገባ በር የቱ እንደሆነ አያውቀውም!»

«እንግዲህ ድሃ ናቸው ነው የምትለኝ?» አለ ዳኛው፤ ሳቁን በእጁ ይዞ።

«ድሃ ብቻ? ጌታዬ፣ ለማኝ በደጁ ሲያልፍ አይቶት ምጽዋት ይሰጠዋል!»

ችሎቱ እስኪረጋ ድረስ ቆየ። ዳኛው ፊቱን አጠንክሮ ወደ አባቴ ዞረ። «በምስክሩ ቃል ላይ የሚቃወሙት አለ?»

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። የአንገቱ ደም ሥር ሲገተር ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። ይህ ሰው በዕድሜው ሙሉ ለአንድ ስድብ ሦስት መልስ ሳይሰጥ ያደረበት ቀን የለም። ወንድሜን አየው።

«የለኝም» አለ።

ዳኛው ጸሐፊውን «ጻፍ» አለው።

ደጅ ስንወጣ ሽማግሎቹ ተቆጥተው ጠበቁን። እርቁ ሳምንት ሳይሞላው፣ ያውም በአደባባይ ፈረሰ! «ቀድሞ ያፈረሰው ማነው?» ብለው ሲፋጠጡ አባቴ «እኔ ነኝ» አለ። ባላጋራው ለመማል የከፈተውን አፍ ሳይዘጋ ቀረ።

«ቆይ… ሆን ብለህ ነው እንዴ?»

«አንተ በመሬት ካልተነካህ አፍህ አይፈታም» አለው አባቴ።

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «አጥሬን ግን አታፈርስም አይደል?»

«ወደፊት እናያለን።»

«በግ!» አሉ ሽማግሎቹ።

ወንድሜ ወረቀቱን ይዞ ለማኅተሙ ወልድያ ሄደ፤ በጉም በዚያው ሐሙስ እንዲታረድ ተቆረጠ። ከሐራ ገበያ ነድቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በጎማ ብር ነው የተገዛው፤ ሌላ ማን አለ? አባቴን ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። የመጣውን ሁሉ በር ላይ እየተቀበለ «መንግሥት ድሃ ነህ አለኝ። ሽማግሌ ግን በግ አያጣም ብሎ ፈረደብኝ። የሚያውቀኝ ሽማግሌው ነው!» ይል ነበር። ለሙስሊሙ ጎረቤታችን ለብቻው ዶሮ ሰጠነው፤ እቤቱ አርዶ፣ አሠርቶ ይዞ መጣና ከኛው ጋር ተቀመጠ። ባላጋራውም ከላይ ተቀምጦ ከሁሉም በላይ በላ። ይገባዋል፤ ሥራው ከባድ ነበር።

ሽማግሎቹ አጥንት እየጋጡ «እንዲህ ያለ ሙክት የሚያርድ ሰው ድሃ ይባላል? ምን ዓይነት ዳኛ ነው?» ይባባላሉ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ማኅተሙ ገና አልተመታም፤ ከወረዳው ቢሮ አንድ ሰው በዚያ መንገድ ቢያልፍና ይህን ድግስ ቢያይ አለቀልን። ስለዚህ ደጅ ቆሜ ቁልቁል መንገዱን ስጠብቅ ዋልኩ። የሥጋው ሽታ ከነፋሱ ጋር ወደ መርሳ ሲወርድ እሱንም መመለስ አማረኝ።

ጀምበር ሲያዘቀዝቅ አንድ ሰው አቀበቱን እየሮጠ ሲወጣ አየሁ። ወንድሜ ነው። ወረቀቱን ዝናብ እንዳያገኘው ከሸሚዙ ሥር ከቶ በሁለት እጁ ይዞታል።

«መቱት?» ብዬ ጮህኩ።

«መቱት!»

ከዚያ በፈራረሰው አጥራችን አሻግሮ ወደ ግቢው አየና ቆመ። «ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?»

«አባትህ ድሃ ሆነው ነው» አልኩት። «ግባና ብላ።»